የቤት ኪራይ ውል ለማቋረጥ የሚሰጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፦ ከሐዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ አቶቴ ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ውሉ የአንድ ዓመት ነበር፤ ባለፈው መስከረም ጊዜው ቢያበቃም ሳናድሰው፣ በየወሩ በአምስተኛው ቀን እየከፈልሁ እስካሁን ቀጥያለሁ። የቤቱ ባለቤት አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ውሉን በውክልና የፈረመው ወንድማቸው ሲሆን እሱ በዚሁ ግቢ ይኖራል። መሥሪያ ቤቴ ወደ ጅማ ስላዛወረኝ በሰኔ መጀመሪያ መልቀቅ አለብኝ። ለወንድማቸው በቃል ስነግረው «ችግር የለውም» አለኝ። ባለቤቷ ግን ደውለው «በጽሑፍ ሳታሳውቂ ከወጣሽ ያስያዝሽው የሁለት ወር ገንዘብ አይመለስም» አሉኝ። በውሉ ላይ «ውሉን ማቋረጥ የፈለገ ወገን አንድ ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል» የሚል ቃል አለ። ደብዳቤው እንዴት ይጻፋል? ለማን ይሰጣል? ቀኑስ ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል?

ምላሽ፦ አስቀድሜ ዋናውን መልስ ልስጥዎ። ለወንድማቸው በቃል መንገርዎ ብቻውን አይበቃም፤ ውሉ «በጽሑፍ» ስለሚል በዚህ ረገድ ባለቤቷ ያሉት ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ጊዜው አላለፈብዎትም። ጥያቄዎን የላኩት ሚያዝያ 24 ቀን በመሆኑ፣ ደብዳቤው እስከ ግንቦት 4 ቀን ድረስ በእጃቸው እንዲገባ ካደረጉና መግባቱን የሚያሳይ ፊርማ ከያዙ፣ ሰኔ 4 ቀን ቁልፉን አስረክበው ተጨማሪ ኪራይ ሳይጠየቁ መውጣት ይችላሉ። ማስያዣው አይመለስም የሚለው ነገር ራሱን ችሎ የሚታይ ስለሆነ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በጠበቃነት በሠራሁባቸው ዓመታት ያየኋቸው የዚህ ዓይነት ክርክሮች አብዛኞቹ የሚነሡት ደብዳቤው ምን ይላል በሚለው ላይ አይደለም። የሚነሡት መቼ ደረሰ፣ ማንስ ተቀበለው በሚለው ላይ ነው። ተከራዩ «ጽፌ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ አከራዩ «አላየሁም» ይላል፤ በመካከሉ የሚያስታርቅ ወረቀት አይገኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ማንም ሊክደው በማይችል መንገድ ማስመዝገብ ላይ ያተኮረ መሆኑን እንዲያስተውሉልኝ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ግን አሁን ያሉበት ሁኔታ በሕግ ዓይን ምን እንደሆነ ግልጽ መሆን አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቤት ኪራይ የተለዩ ድንጋጌዎችን ከቁጥር 2945 ጀምሮ ይዟል። የሕጉ አካሄድ፣ የውሉ ዘመን ካበቃ በኋላ ተከራዩ አከራዩ እያወቀና ሳይቃወም በቤቱ ውስጥ ከቀጠለ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል የሚል ነው። የእርስዎም ጉዳይ ይኸው ነው፤ ባለቤቷ ከመስከረም ወዲህ በየወሩ ኪራዩን ሲቀበሉ ቆይተዋልና አላወቅሁም ሊሉ አይችሉም። ከዚህ የሚከተለው ውጤት ሁለት ፊት አለው። አንደኛ፣ «ውሉ አልቋል፣ ስለዚህ በፈለግሁበት ቀን ዕቃዬን ጭኜ ብወጣ ማንም አይጠይቀኝም» ማለት አይችሉም። ሁለተኛ፣ ባለቤቷም «ውሉ በራሱ ለሌላ አንድ ዓመት ታድሷል፣ እስከ መስከረም ያለውን ትከፍያለሽ» ሊሉ አይችሉም። ጊዜው ያልተወሰነ ውል ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የሚያቋርጠው ውል ነው። የማስጠንቀቂያው ርዝመት ደግሞ እናንተው በጽሑፍ የተስማማችሁበት አንድ ወር ነው፤ በእኔ እምነት የቀደመው ውል የጊዜ ገደቡ ብቻ ይለወጣል እንጂ ሌሎቹ ቃላት እንዳሉ ይቀጥላሉ።

እዚህ ላይ ውልዎን አውጥተው የመጨረሻውን መስመር እንዲያነቡ እጠይቅዎታለሁ። በአገራችን በተጻፉ የኪራይ ውሎች መጨረሻ ላይ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ «ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ብዙ ሰው ይህን መስመር እንደ ማሳረጊያ ጸሎት ቆጥሮ ያልፈዋል። ነገር ግን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል፤ «አንድ ወር አስቀድሞ በጽሑፍ» የምትለዋ ሐረግ እርስዎንም ባለቤቷንም እንደ ሕግ የምታስረው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥር 2005 ደግሞ በጽሑፍ የሰፈረና የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል በውስጡ ስለሰፈረው ስምምነትና ስለያዘው ቀን ሙሉ ማስረጃ ይሆናል ይላል። ቀኑም ጭምር መሆኑን ልብ ይበሉ። ወኪሉ በደብዳቤዎ ቅጂ ላይ «ሚያዝያ 28 ቀን ተቀብያለሁ» ብለው ከፈረሙ፣ በኋላ ላይ «የደረሰኝ ግንቦት አጋማሽ ነው» ማለት በጣም ይከብዳቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ብዙ ተከራዮች ስለ እሱ ሰምተው እኔንም ይመለከተኛል ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። በክልሎች ግን አዋጁ የሚሠራው ክልሉ ተፈጻሚ እንዲሆንባቸው በወሰነባቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ውልዎ የመንግሥት ቅጽ ተሞልቶ የተመዘገበ ከሆነ በዚያ ቅጽ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ አንቀጽ ይከተሉ፤ የደብዳቤውንም አንድ ግልባጭ ላስመዘገባችሁበት ጽሕፈት ቤት ያስገቡ። ከገለጻዎ እንደምረዳው የእናንተ ውል በግል የተጻፈና ያልተመዘገበ በመሆኑ ከዚህ በታች የምለው በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውላችሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

አሁን ደብዳቤው ለማን ይጻፍ ወደሚለው እንለፍ። ተዋዋይዎ ባለቤቷ ናቸው፤ ወንድማቸው ስለ እርሳቸው የፈረሙ ወኪል ናቸው። ደብዳቤው በባለቤቷ ስም ተጽፎ በወኪላቸው በኩል መሰጠት አለበት። ይህን ከማድረግዎ በፊት በውሉ ላይ የውክልናው ቁጥርና ቀን ተጠቅሶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከተጠቀሰ ወኪሉ ቤቱን አከራይተው ውል የመፈራረም ሥልጣን እንደነበራቸው ባለቤቷ ሊክዱ ስለማይችሉ፣ ስለዚያው ውል የሚጻፍ ደብዳቤ ለመቀበልም ትክክለኛው ሰው እርሳቸው ናቸው። ካልተጠቀሰ ደግሞ የወኪሉን ፊርማ ብቻ ይዘው እንዳይቀመጡ፤ ለባለቤቷም በቀጥታ እንዲደርስ ያድርጉ። በእኔ ምክር በሁለቱም ሁኔታ ሁለቱንም ያድርጉ። የተፈረመበትን ቅጂ ፎቶ አንሥተው ለባለቤቷ በቴሌግራም ወይም በሌላ በሚጠቀሙበት መንገድ ይላኩና «ዛሬ ለወንድምዎ የሰጠሁት ደብዳቤ ይህ ነው» የሚል አንድ መስመር ያክሉበት። መልእክቱን አንብበው መልስ ከሰጡ ያንን ገጽ ያስቀምጡ። የስልክ መልእክቱ ለፊርማው ደጋፊ ነው፤ ፊርማውን ግን አይተካም።

ለቤት ደላላ መንገር ማስጠንቀቂያ አይደለም። ለግቢው ዘበኛ ወይም ለጎረቤት ደብዳቤ መተውም እንዲሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የያዝሁት አንድ ጉዳይ ነበር፤ ተከራዩ ጨዋ ሰው ነበር፣ ደብዳቤውንም በሥርዓት ጽፎ በፖስታ አሽጎ ለዘበኛው ሰጥቶ፣ ቁልፉን ከጎረቤት ትቶ ሄደ። ዘበኛው ለበዓል አገሩ ገብቶ ሰነበተ፤ ፖስታው የተከፈተው ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ነበር። አከራዩ ቤቱ ባዶ መሆኑን ሳያውቅ የቆየበትን የሁለት ወር ኪራይ ጠየቀ። ነገሩ በሽማግሌ በግማሽ አለቀ፤ ነገር ግን ያ ሰው ደብዳቤውን በጻፈበት ዕለት አሥር ደቂቃ ጠብቆ ቢያስፈርም ኖሮ አንድም ብር ባልከፈለ ነበር። እስከ ዛሬ ያንን ጉዳይ ሳስታውስ ይቆጨኛል።

ስለ ደብዳቤው አጻጻፍ ብዙ ሰው ይጨነቃል፤ ነገር ግን አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ በቂ ነው። ለእርስዎ ጉዳይ የሚስማማ ናሙና የሚከተለው ነው።

«ቀን፦ ሚያዝያ 28 ቀን …… ዓ.ም.

ለወ/ሮ …………………
በወኪላቸው በአቶ ………………… በኩል
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ለማቋረጥ የተሰጠ የጽሑፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ

መስከረም 5 ቀን …… ዓ.ም. በተፈረመ የቤት ኪራይ ውል በሐዋሳ ከተማ፣ በ………… ክፍለ ከተማ፣ በ………… ቀበሌ የሚገኘውን የቤት ቁጥሩ ………… የሆነ ቤት ተከራይቼ እየኖርሁ መሆኔ ይታወቃል። በሥራ ዝውውር ምክንያት ከከተማው ስለምወጣ፣ በውሉ በተራ ቁጥር …… በተመለከተው መሠረት ውሉን የማቋርጥ መሆኔን በዚህ ደብዳቤ አንድ ወር አስቀድሜ አሳውቃለሁ። ቤቱን ሰኔ 4 ቀን …… ዓ.ም. ለቅቄ አስረክባለሁ። እስከዚያ ዕለት ድረስ ያለውን ኪራይ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ አጠናቅቄ እከፍላለሁ። በተጠቀሰው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እርስዎ ወይም ወኪልዎ ተገኝታችሁ ቤቱን እንድትረከቡኝና በማስያዣነት የሰጠሁት ብር ………… እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የተከራይ ስም …………… ፊርማ …………… ስልክ ……………

ይህን ደብዳቤ ዛሬ …………… ቀን …… ዓ.ም. ተቀብያለሁ።
የተቀባይ ስም …………… ፊርማ ……………»

በዚህ ናሙና ውስጥ የማይነኩ ነገሮች አሉ። ቤቱ በቁጥሩና በቀበሌው መገለጽ አለበት፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስትና አራት ተከራይ በሚኖርበት ከተማ «የተከራየሁት ቤት» ብቻ ማለት የትኛውን ክፍል እንደሆነ አያሳይም። የሚለቁበት ቀን በቁጥር መጻፍ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ግሡን ይጠንቀቁ። ብዙ ደብዳቤዎች «ቤቱን ለመልቀቅ ስላሰብሁ»፣ «ሁኔታው ከተመቻቸልኝ ልለቅ ስለምችል» ይላሉ። ይህ በንግግር ትሕትና ነው፤ በሰነድ ላይ ግን ሐሳብን መግለጽ እንጂ ውል ማቋረጥ አይደለም። «አቋርጣለሁ»፣ «ለቅቄ አስረክባለሁ» ብለው ይጻፉ። ትሕትናውን በሰላምታውና «በአክብሮት» በሚለው ቃል ይግለጹት።

«ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል ራሱ የሚያስቀይምበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ግቢ ውስጥ ቡና ተጠራርተው ለሚጠጡ ሰዎች ማስጠንቀቂያ የሚል ወረቀት መዘርጋት እንደ ክስ ይታያል፤ አንዳንድ አከራይ «ምን በድዬ ነው?» ብሎ ይቆጣል። ቃሉን ከደብዳቤው አያውጡት፤ በሕጉም የሚታወቀው በዚህ ስም ነው። ይልቅስ ወረቀቱን ከመስጠትዎ በፊት ወኪሉን ቤታቸው ገብተው ያነጋግሯቸው፤ ዝውውሩን ይንገሯቸው፤ ቀጥሎም «እርስዎ ፈቅደውልኛል፤ እትዬ ግን በጽሑፍ ይሁን ስላሉ ይህችን ያዘጋጀሁት ለእርስዎም ለእኔም እንዲበጀን ነው» ብለው ሁለቱን ቅጂ ያቅርቡ። እንዲህ ሲደረግ ብዙ ሰው ሳያንገራግር ይፈርማል። አንዱ ቅጂ ከእርሳቸው ይቀራል፤ «ተቀብያለሁ» የሚለው የተሞላበት ሌላው ከእርስዎ ጋር ይመለሳል። ቀኑን ወኪሉ በራሳቸው እጅ እንዲጽፉት ያድርጉ።

ፈርሙ ሲባሉ «እኅቴን ሳላማክር አልፈርምም» ካሉስ? ይህ የሚጠበቅ ነው፤ መከራከርም አያስፈልግም። አንድ ቀን ይስጧቸውና ሁለት ምስክሮችን ይዘው ይመለሱ። ምስክሮቹ ዘመድዎ ወይም የሥራ ባልደረባዎ ባይሆኑ ይመረጣል፤ የሰፈሩ የእድር ዳኛ ወይም ሁለቱን ወገን የሚያውቅ ነባር ጎረቤት ቢሆን ቃሉ ይከብዳል። በእነሱ ፊት ደብዳቤውን አንብበው ይስጡ። አሁንም ካልፈረሙ በእርስዎ ቅጂ ጀርባ ላይ «ዛሬ …… ቀን ከቀኑ …… ሰዓት ላይ ይህ ደብዳቤ ለአቶ …… በፊታችን ተነቦ ተሰጥቷቸው ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆኑም» ብለው ይጻፉና ምስክሮቹ ስማቸውንና አድራሻቸውን አስፍረው ይፈርሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1773 ላይ ስለ ማስጠንቀቂያ ፎርም ሲናገር፣ በጽሑፍ ወይም የጠያቂውን ፈቃድ በሚያሳይ በማናቸውም ሌላ ድርጊት ሊሰጥ እንደሚችል ይገልጻል፤ ድንጋጌው የተጻፈው ባለገንዘብ ግዴታ እንዲፈጸምለት ስለሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ቢሆንም፣ ሕጉ የተቀባዩ ፊርማ ከሌለ ማስጠንቀቂያው ዋጋ ያጣል እንዳላለ ያሳየናል። የሌላው ወገን እምቢታ የእርስዎን መብት አያስቀርም፤ እምቢታውን ማሳየት መቻል ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።

ፖስታ ቤት ሄዶ በአደራ ደብዳቤ መላክም አንዱ መንገድ ነው፤ ደረሰኙ የተላከበትን ቀን ያሳያል። ነገር ግን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ለሌለው ሰው ብዙም አያገለግልም፤ የተላከበት ቀንና የደረሰበት ቀን መለያየቱም ሌላ ክርክር ይከፍታል። ወኪሉ በዚያው ግቢ እያሉ ወደዚያ መሄድ አያስፈልግዎትም።

አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደብዳቤው የደረሰበት ቀን አይቆጠርም፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከማግስቱ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን ቢሰጡ ሚያዝያ 29 የመጀመሪያው ቀን ይሆናል፤ ሠላሳኛው ቀን ግንቦት 28 ላይ ይውላል። ይሁን እንጂ የእርስዎ የኪራይ ወር የሚዞረው ከ5ኛው ቀን እስከ ቀጣዩ ወር 4ኛ ቀን ነው። ግንቦት 5 ላይ የከፈሉት ኪራይ እስከ ሰኔ 4 ድረስ ያስቀምጥዎታል። በግንቦት 28 ቢወጡ የቀሩትን ስድስት ቀናት ኪራይ ይመልሱልኝ የሚል ጭቅጭቅ ይከተላል፤ በሰኔ 4 ቢወጡ ግን ማንም ለማንም የሚመልሰው አይኖርም። ስለዚህ መውጫዎን ከኪራዩ ወር መጨረሻ ጋር አገጣጥሙት። በመጀመሪያ ላይ ግንቦት 4 የመጨረሻው ዕድል ነው ያልሁት በዚህ ስሌት ነው፦ በዚያ ዕለት ቢደርስ ሠላሳው ቀን ልክ ሰኔ 4 ላይ ይሞላል፤ በአንድ ቀን ዘግይቶ ግንቦት 5 ቢደርስ ግን ማስጠንቀቂያው የሚሞላው ሰኔ 5 ላይ፣ አዲስ የኪራይ ወር በገባበት ዕለት ነው። ባለቤቷ ጥብቅ ሰው ከሆኑ ያቺ አንዲት ቀን የአንድ ወር ኪራይ ልታስጠይቅ ትችላለች።

በእርስዎ ላይ አይደርስም እንጂ ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ተከራዮች ስለ ጳጉሜን አንድ ነገር ልጨምር። ወራችን ሁሉ ሠላሳ ቀን በመሆኑ «አንድ ወር» እና «ሠላሳ ቀን» ዓመቱን ሙሉ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በዓመቱ መጨረሻ ነው። ደብዳቤው ነሐሴ 10 ቀን ቢደርስ በወር ሲቆጠር እስከ መስከረም 10 ይሄዳል፤ በሠላሳ ቀን ሲቆጠር ግን የጳጉሜን አምስት ቀን ተጨምሮ መስከረም 5 ላይ ያልቃል፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 4 ላይ። ውሉ የሚለው «አንድ ወር» ከሆነ የሚረዝመውን ይያዙ። አከራይዎ ውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ቀኑን በአገራችን አቆጣጠር «ዓ.ም.» ብለው ከጻፉ በኋላ በፈረንጆቹ አቆጣጠርም አጠገቡ ያስፍሩት።

ማስያዣውን በተመለከተ በውልዎ ላይ የተጻፈው ቃል ወሳኝ ነው። «የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ» ከሆነ ያ ገንዘብ አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ነው፤ ካልተነካ በመጨረሻዎቹ ወራት ሊታሰብልዎት ይገባል። «ማስያዣ» ከሆነ ግን ቤቱ ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ላልተከፈለ ሒሳብ ዋስትና የተቀመጠ ገንዘብ ስለሆነ፣ «የግንቦት ኪራይ ከማስያዣው ይታሰብ» ብለው በራስዎ ውሳኔ ክፍያ እንዳያቆሙ። እንዲታሰብ ከተስማማችሁ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። ባለቤቷ «አይመለስም» ያሉት ማስጠንቀቂያ ባልተሰጠበት ሁኔታ ነው፤ ማስጠንቀቂያው በጊዜው ከተሰጠ ግን ገንዘቡን የሚያስቀሩበት ምክንያት ባልተከፈለ ሒሳብ ወይም በቤቱ ላይ በደረሰ ጉዳት ልክ ብቻ ነው። በውሉ ላይ ውል አፍራሽ የሚከፍለው መቀጫ ተጽፎ ቢሆን እንኳ፣ ውሉ በሚያዘው መንገድ አሳውቆ የወጣ ሰው ውል አላፈረሰም።

የርክክቡ ዕለት ከደብዳቤው ያልተናነሰ ትኩረት ይሻል። ዕቃዎ ከወጣና ቤቱ ከተጠረገ በኋላ ከወኪሉ ጋር ክፍል በክፍል ይዙሩ። የበር ቁልፎቹን ብዛት፣ የመስኮት መስታወቶቹን፣ የቧንቧውንና የመጸዳጃ ቤቱን ሁኔታ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ንባብ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩና ሁለታችሁም ፈርሙ። ቆጣሪው ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ከሆነ የእርስዎ ድርሻ ስንት እንደሆነ በብር ይጻፍ፤ የከፈሉበትን የቴሌብር ወይም የባንክ ማረጋገጫ አያይዙ። በሐዋሳ በተለይ ለሐይቁ ቀረብ ባሉ ሰፈሮች የግድግዳ እግር ርጥበት እየሳበ ቀለም ይልጣል፤ ይህ ተከራዩ ያደረሰው ጉዳት አይደለም፣ በአግባቡ የኖሩበት ቤት ከጊዜ ብዛት የሚያሳየው እርጅናም እንዲሁ። ምስማር መትተው የፈነቀሉት ልስን ወይም የሰበሩት መስታወት ግን የእርስዎ ዕዳ ነው፤ ከርክክቡ በፊት አሠርተው ቢጠብቁ ከማስያዣው ከሚቆረጥብዎት ያነሰ ገንዘብ ያወጣሉ። የእያንዳንዱን ክፍል ፎቶ በዚያው ዕለት ያንሡ።

ደብዳቤውን ካገኙ በኋላ ባለቤቷ «እንግዲያው ዛሬውኑ ውጪ» ቢሉ ማስጠንቀቂያው ሁለቱንም ወገን እስከ ሰኔ 4 ያቆያልና የመውጣት ግዴታ የለብዎትም። በተቃራኒው መሥሪያ ቤትዎ አስቸኩሎ በግንቦት አጋማሽ እንዲሄዱ ቢያስገድድዎ እስከ ሰኔ 4 ያለውን ኪራይ ከፍሎ መሄድ ነው፤ ወይም ወኪሉ ቤቱን ቶሎ ለሌላ ሰው ለማከራየት ከተስማሙ ያንኑ በጽሑፍ አድርጎ በሁለት ምስክር ማስፈረም ነው። የሕጉ ቁጥር 1802 ጉዳት የደረሰበት ወገን በቀላሉ ሊቀንሰው የሚችለውን ጉዳት የመቀነስ ግዴታ እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ ፈላጊ ተከራይ በር ላይ ቆሞ እያለ ቤቱን ባዶ አስቀምጦ ከእርስዎ ኪራይ መጠየቅም አግባብ አይሆንም።

ወኪሉ ማስያዣውን «እኅቴ ከአዲስ አበባ ስትልክ እሰጥሻለሁ» ሊሉ ስለሚችሉ፣ በርክክቡ ወረቀት ላይ ተመላሽ የሚሆነው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ እስከ ስንት ቀን ድረስ እንደሚከፈልና የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ቁጥርዎን አስጽፈው ያስፈርሙ። ቁልፉን ከዚያ በኋላ ያስረክቡ።